ልብስም እንደ መጥረቢያ



ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው እኛኑ ባሳፈረን ታሪክ ነው።

በሰፈራችን አንዲት ወጣት እህት አለች። በሒሳብ አያያዝ ሙያ ተምራ በጥሩ ውጤት ከተመረቀች በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ሥራ ስትፈልግ ቆየች። ያላነበበችው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ማመልከቻ ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ አንድ ድርጅት በጽሑፍ ፈተናት፤ አለፈችና ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ቀጠሮው ሐሙስ ከጧቱ 3 ሰዓት ነበር። እናቷ ሌሊቱን ዱዓ ሲያደርጉ አደሩ። የሰማን ሁሉ «አላህ ያሳካልሽ» አልናት።

ሐሙስ ማታ ቤታቸው ሄደን «እንዴት ሆነ?» ብንላት አንገቷን ደፋች። አልሄደችም ነበር። ብንጠይቃት፣ ብንለምናት ምክንያቱን አልናገር አለች። በኋላ እናቷ ወደ ጓዳ ጠርተው በሹክሹክታ ነገሩን። ያለቻት ለሰው ፊት የምትሆን አንዲት ልብስ ክርኗ ላይ ነትባለች፤ የጫማዋ ሶል ተገንጥሎ በማስቲሽ ተጣብቋል። ያን ዕለት ጧት ለብሳ ተነሣች፤ በር ላይ ስትደርስ ወደ ራሷ ተመለከተችና ተመለሰች። «እንዲህ ሆኜ ገብቼ መሣቂያ ከምሆን ቢቀርብኝ ይሻለኛል» አለቻቸው።

እኛን ያሳፈረን የልጅቷ ድህነት አይደለም። በዚያው ሳምንት ከመካከላችን በአንደኛዋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ለወንድሟ ሠርግ ተሰፍቶ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ረጅም ቀሚስ ከነኮቱ ተሰቅሎ ነበር። ልኩም የልጅቷ ልክ ነበር። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ያለው መንገድ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። እሷ ልብስ አጣች፤ እኛ የማንለብሰው ልብስ ነበረን፤ በመካከል የጠፋው «ምን ትለብሺያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ዱዓ አድርገንላታል፤ መርቀናታል፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን አልጠየቅናትም።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሐፍረት የተወለደ ነው። ሥራ ፈላጊን ማልበስ ምን ዓይነት ሰደቃ ነው? ዲናችን ስለዚህ ምን ያሳየናል? በሌላው ዓለምስ እንዴት ይሠራበታል? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? የሚሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ እንመለከታለን፣ ኢንሻ አላህ።

የመጥረቢያው ታሪክ

አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። ከአንሷር ወገን የሆነ አንድ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። እርሳቸውም በቤቱ ምን እንዳለው ጠየቁት። ሰውየው ከፊሉን የሚለብሳት፣ ከፊሏን የሚያነጥፋት አንዲት ወፍራም ጨርቅና ውኃ የሚጠጣባት አንዲት የእንጨት ዋንጫ ብቻ እንዳሉት ነገራቸው። አምጣቸው አሉት። አመጣቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕቃዎቹን በእጃቸው ይዘው ለጨረታ አቀረቡ። አንዱ 1 ዲርሃም አለ፤ ሌላው 2 ዲርሃም ሰጠ። ሁለቱን ዲርሃም ለባለቤቱ ሰጡና በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው ደግሞ መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣ እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። ከዚያም እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥና እስከ 15 ቀን ድረስ እንዳያዩት ነገሩት። ሰውየው ሄደ፤ ሠራ፤ 10 ዲርሃም አግኝቶም ተመለሰ። ከዚያ ገንዘብ በከፊሉ ልብስ፣ በከፊሉ ምግብ ገዛ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቆም ብለን ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሰውየው ለዕለቱ የሚሆን ምግብ ብቻ ተሰጥቶት አልተሸኘም። ምግቡ አልቀረበትም፣ ነገር ግን ከምግቡ ጋር መሣሪያ ተሰጠው። ሁለተኛ፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) እጀታውን ራሳቸው ገጠሙለት እንጂ «ሂድና ሥራ» ብለው ባዶ እጁን አላሰናበቱትም። ሦስተኛ፣ የሰውየው ፊት ከልመና ዳነ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ያንን እሳት አጠፉለት።

ታዲያ በዛሬው ከተማ መጥረቢያው ምንድን ነው? ለአናጢ መጋዝ፣ ለሰፊ መኪና፣ ለሾፌር መንጃ ፈቃድ ነው። ለቢሮ፣ ለባንክ፣ ለሆቴል መስተንግዶ፣ ለትምህርት ቤት ሥራ የሚወዳደር ወጣት ግን የመጀመሪያዋ በር የምትከፈተው ንጹሕና ሥርዓት ባለው ልብስ ነው። ዲፕሎማ አለው፣ ችሎታ አለው፣ ፍላጎት አለው። ልብሱ ከሌለው ግን እጀታ እንደሌለው መጥረቢያ ነው። ስለዚህ ለሥራ ፈላጊ የሚሰጥ ልብስ ገላ ከመሸፈን ያለፈ ነው። እጀታ መግጠም ነው።

«ጅልባብ የሌላትስ?»

ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሴቶች በሁለቱ ዒዶች ወደ መስገጃው ሜዳ እንዲወጡ፣ መልካሙን ነገርና የሙስሊሞችን ዱዓ እንዲካፈሉ በታዘዙ ጊዜ አንዲት ሴት ጥያቄ አነሣች። ከመካከላችን መደረቢያ ጅልባብ የሌላትስ ምን ታድርግ? ስትል ጠየቀች። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልስ «እንግዲያውስ ትቅር» የሚል አልነበረም። እህቷ ከራሷ ጅልባብ እንድታለብሳት አዘዙ።

ሱብሐነላህ! ልብስ ማጣት ከመልካም ነገር ለመቅረት ምክንያት እንዲሆን አልፈቀዱም። ኃላፊነቱንም ላጣችው አልጫኑባትም። ላላት እህቷ ሰጡት። የኛ ልጅ ያን ሐሙስ በር ላይ ቆማ የጠየቀችው ይህንኑ ጥያቄ ነበር፤ ልዩነቱ የጠየቀችው በልቧ መሆኑ ነው። መልሱ ከ1,400 ዓመት በፊት ተሰጥቷል። የጎደለው የምታለብሳት እህት ነበረች።

ሙስሊም የዘገቡት የጀሪር (ረ.ዐ.) ሐዲስም እዚህ ላይ ይታወሳል። ከሙደር ጎሣ የሆኑ፣ ገላቸው በቅጡ ያልተሸፈነ፣ የሱፍ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አጥልቀው የመጡ ሰዎችን ባዩ ጊዜ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ተለዋወጠ። ካሰገዱ በኋላ ኹጥባ አድርገው ሰዉ ካለው እንዲሰጥ አሳሰቡ፤ ከዲናሩ፣ ከዲርሃሙ፣ ከልብሱ፣ ከስንዴው፣ ከተምሩ፣ የተምር ክፋይ እንኳ ቢሆን። ከአንሷር አንዱ እጁ መሸከም እስኪያቅተው የከበደ ከረጢት ይዞ መጣ። ሰዎች ተከተሉት። በመጨረሻ ሁለት ክምር ቆመ፤ የምግብና የልብስ። ያን ጊዜ የመልእክተኛው ፊት በደስታ አበራ። መልካም ፈለግ የጀመረ ሰው የራሱንም፣ የተከተሉትንም ሰዎች ምንዳ እንደሚያገኝ የተናገሩት በዚሁ ዕለት ነው። እንግዲህ በየሰፈሩ የጎደለው ያ የመጀመሪያው ሰው ነው።

በኒውዮርክ የተጀመረው ሥራ

ይህ ጉዳይ በዘመናችን በሥርዓት ከተያዘባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ከተማ ናት። በ1996 እ.ኤ.አ. ናንሲ ሉብሊን የተባለች በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ከሞቱት ቅድመ አያቷ 5,000 ዶላር ወረሰች። ገንዘቡን ለራሷ ምቾት ከማዋል ይልቅ ምን መልካም ነገር ልሥራበት ብላ አሰበች። ችግሩንም አየችው፤ ሥራ የሌላት ሴት ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ልብስ መግዛት አትችልም፤ ልብሱ ከሌላት ደግሞ ሥራ አታገኝም። ክብ ነው፤ መውጫ የለውም። ሉብሊን በስፓኒሽ ሃርለም ድሆችን ከሚረዱ ሦስት መነኮሳት ጋር ተመካክራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሥራውን ጀመረች። ድርጅቱ «ድሬስ ፎር ሰክሰስ» ይባላል፤ ለስኬት መልበስ እንደ ማለት ነው።

ጊዜው ራሱ ሥራውን የሚጠይቅ ነበር። በዚያው በ1996 የአሜሪካ መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰቦች ከፌዴራል በጀት የሚሰጠውን የጥሬ ገንዘብ ድጎማ በጠቅላላው በ5 ዓመት የሚገድብ ሕግ አወጣ። ብዙ እናቶች ሥራ ፈልጉ ተባሉ። ፈልጉ ማለት ቀላል ነው፤ ምን ለብሰው?

የድርጅቱ አሠራር ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሴትየዋ የምትመጣው ከሥልጠና ማዕከል፣ ከመጠለያ ወይም ከመሰል ድርጅት ተልካ በቀጠሮ ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ እንደ ደምበኛ ተቀብላ ታስተናግዳታለች። ልብሶቹ እንደ ሱቅ በመስቀያ ላይ ተሰድረዋል። መርጣ፣ ለክታ፣ በመስታወት አይታ፣ ከጫማና ከቦርሳ ጋር ትወስዳለች። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሥራውን ካገኘች ተመልሳ ትመጣና ለሥራ ቀናት የሚሆኑ ተጨማሪ ልብሶች ይሰጧታል። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ አንድ ልብስ ብቻ ይዞ ሥራ መመላለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ የዚህ ነገር ጥቅም ይገባዋል።

በዚህ ዓይነት ከ5,000 ዶላር የተነሣው ሥራ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቶ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሴቶችን አገልግሏል። በ1999 ደግሞ ለወንዶች በዚያው በኒውዮርክ «ካሪር ጊር» የተባለ ድርጅት ተመሠረተ። በእንግሊዝ ከ2013 ጀምሮ የሚሠራው «ስማርት ወርክስ» ሴትየዋን ካለበሰ በኋላ ከአሠልጣኝ ጋር ቁጭ ብላ የቃለ መጠይቅ ልምምድ እንድታደርግ ያደርጋል።

ከሌላ እምነት ተከታዮች ይህን ያህል መማር ያስፈልጋል ወይ? የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም ሥራ ከማንም እጅ ቢታይ መልካም ነው። እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ግን ይህ ነው፤ የመጥረቢያውና የጅልባቡ ሐዲስ በእጃችን እያለ እኛ ለምን ዘገየን?

ከሪዝቅና ከሒጃብ ምረጪ ስትባል

ለሙስሊም እህት የልብስ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት። በ2008 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት ቱልሳ ከተማ፣ ሰማንታ ኢላውፍ የተባለች የ17 ዓመት ሙስሊም ልጃገረድ አበርክሮምቢ በተባለው የልብስ መደብር ለመቀጠር አመለከተች። ጠያቂዋ ጥሩ ነጥብ ሰጠቻት። ነገር ግን ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ነበር። የበላይ ኃላፊው ሻርፑ ከመደብሩ የአለባበስ ደንብ ጋር አይሄድም በማለቱ ሳትቀጠር ቀረች። ጉዳዩ በእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ አማካይነት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በአንዱ ለእሷ ወገን ተፈረደ፣ በሌላው ተገለበጠ፣ በመጨረሻም በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ለእሷ ወገን ፈረደ። አሠሪ የአመልካችን ሃይማኖታዊ ልማድ ላለማስተናገድ ብሎ አልቀጥርም ማለት እንደማይችል አስረገጠ።

ይህች ልጅ ሕግ ደረሰላት፤ ያውም ከ7 ዓመት በኋላ። ብዙዎች እህቶች ግን ክርክር ውስጥ ሳይገቡ በልባቸው ተሸንፈው ይቀራሉ። «ከነሒጃቤ ማን ይቀጥረኛል?» ይላሉ። ገበያ የሚወጡት የቢሮ ልብሶች ደግሞ አብዛኞቹ ወይ ያጥራሉ፣ ወይ ይጠብባሉ። ሰውነትን የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለ፣ ያማረ የሥራ ልብስ ማሰፋት ውድ ነው። ስለዚህ ድሃዋ እህት ሁለት በር ይዘጋባታል፤ አንዱ በማጣቷ፣ ሌላው በዲኗ። አንድ ጀማዓ ለእህቶቹ የሥራ ልብስ ሲያዘጋጅ ረጅም ጉርድ፣ ሰፋ ያለ ኮት፣ ወጥ ቀለም ያለው ንጹሕ ሻርፕ ካዘጋጀ ሁለቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ከፈተ ማለት ነው። በሚገባ የለበሰች ሙስሊም ሴት ቀና ብላ ስትገባ ለጠያቂዎቹም ያለ ንግግር ብዙ ትናገራለች።

«ሰው በልብሱ ይመዘናል እንዴ?»

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሐሳብ ስናነሣ ይቃወማሉ። አላህ (ሱ.ወ.) የሚመለከተው ወደ ልባችንና ወደ ሥራችን እንጂ ወደ መልካችንና ወደ ገንዘባችን እንዳልሆነ በሐዲስ ተነግሯል፤ ታዲያ በልብስ የሚመዝን አሠሪን ማስደሰት ለምን ያስፈልጋል? ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ችሎታን ትቶ በኮት የሚመዝን አሠሪ ጥፋተኛ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ያ አሠሪ እስኪታረም ድረስ የችግረኛው ልጅ ምን ይብላ? ደግሞም ጠያቂው የሚያየው ሰውን ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ልጁ ስለ ጫማው ቀዳዳ እያሰበ፣ እግሩን ከወንበሩ ሥር እየደበቀ፣ ክርኑን እየሸፈነ ከተቀመጠ የሚያውቀውን እንኳ አይመልስም። ጥሩ ልብስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያረጋጋው የለባሹን ልብ ነው።

በአዲስ አበባ የተደረገ አንድ ጥናት ለዚህ ቅርብ የሆነ ነገር ያሳየናል። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለአንዱ ቡድን ወደ መሐል ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች የሚመጡበትን የታክሲ ሒሳብ ሰጡ፤ ሌላውን ቡድን ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ አቀራረብ አሠልጥነው ችሎታቸውን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ሰጧቸው። በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሁለቱም ድጋፎች በአጭር ጊዜ ውስጥ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ጨምረዋል። የታክሲው ሒሳብ ውጤት በጊዜ ብዛት ጠፋ፤ ራሳቸውን ማሳየት የተማሩት ግን ከ4 ዓመት በኋላም የተሻለ ገቢ ነበራቸው። ጥናቱ ስለ ልብስ አይደለም። ነገር ግን እነዚያን ወጣቶች ከበር ውጭ ያቆማቸው ያላቸውን ችሎታ የሚያሳዩበት መንገድ ማጣት እንደነበር ይነግረናል። ልብሱም ልምምዱም የዚያ መንገድ ክፍል ናቸው።

የምንሰጠው የምንወደውን ነው ወይስ የጠላነውን?

እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። በብዙዎቻችን ቤት «ለድሃ ይሰጣል» ተብሎ የሚቀመጠው ልብስ ዚፑ የተበጠሰ፣ ብብቱ የደረቀ፣ ቀለሙ የለቀቀ ነው። ቁርአን በሱረቱል በቀራ እኛው ራሳችን ዓይናችንን ሳንጨፍን የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለምጽዋት እንዳንመርጥ ያስጠነቅቀናል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ደግሞ ከምንወደው እስካልሰጠን ድረስ ወደ በጎነት እንደማንደርስ ይነግረናል። ይህች አንቀጽ በወረደች ጊዜ አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ.) ከሀብታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን በይሩሓእ የተባለውን የተምር አትክልት ለአላህ ብለው ሰጡ። እኛ አትክልት አልተጠየቅንም፤ ኮት ነው።

ሁለተኛው ነገር አሰጣጡ ነው። ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት ክልክል ነው። ዛሬ ደግሞ ከመመጻደቅ ሁሉ የከፋ ነገር መጥቷል፤ ተቀባዩን ፎቶ አንሥቶ በየስልኩ መበተን። ያ ልጅ ነገ ተቀጥሮ አለቃ ሊሆን ነው፤ ፎቶው ግን ከኋላው ሲከተለው ይኖራል። በሱረቱል በቀራ ከተመሰገኑት ችግረኞች መካከል ባለመለመናቸው ምክንያት የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚመስሉት ይገኙበታል። ሥራ ፈላጊ ወጣቶቻችን አብዛኞቹ ከእነዚህ ናቸው። አይለምኑም፤ ቤት ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ።

በዚህ ረገድ አባቶቻችን የደረሱበትን ደረጃ ኢብን በጡጣ ያሳየናል። በ1326 እ.ኤ.አ. ደማስቆን በጎበኘ ጊዜ ያያቸውን ወቅፎች ሲዘረዝር፣ ቤተሰቦቻቸው ማሟላት ላልቻሉ ሙሽሮች የሠርግ ዝግጅት የሚሆን፣ ለመንገደኞች ስንቅና ልብስ የሚሆን ወቅፍ እንደነበር ይጽፋል። አንድ ቀን አንድ ትንሽ አገልጋይ ከእጁ የቻይና ሸክላ ሳህን ወድቆ ሲሰበር አየ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ስብርባሪውን ሰብስቦ ወደ ዕቃዎች ወቅፍ ኃላፊ እንዲወስደው መከረው። ወሰደው፤ የሳህኑንም ዋጋ ሰጡት። ኢብን በጡጣ ይህ ወቅፍ የተሰበረ ልብን የሚጠግን መሆኑን ጠቅሶ አድንቋል። ለሳህን ሰባሪ ልጅ እንኳ ወቅፍ የነበረው ኡማ፣ ለነተበ ክርን መፍትሔ ያጣል?

ከአንድ ቁም ሣጥን እንጀምር

ይህን ሥራ ለመጀመር ትልቅ ሕንፃ ወይም ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ከብዙ ሰዎች ጋር ተመካክረን የሚከተሉትን ሐሳቦች አቅርበናል።

1ኛ. ቦታ። በመስጂድ ግቢ፣ በመድረሳ ወይም በአንድ ታማኝ ሰው ቤት የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ ካውያና የሚለካበት የተከለለ ቦታ ይበቃል። እህቶችን እህቶች፣ ወንድሞችን ወንድሞች ያስተናግዱ።

2ኛ. ልብስ። በየቤታችን ለምርቃት ቀን ተገዝቶ ከዚያ ወዲያ ያልተለበሰ ሙሉ ልብስ፣ ለሠርግ ተሰፍቶ የተሰቀለ ቀሚስ፣ የጠበበን ሸሚዝ፣ የማንጫማው ጫማ ሞልቷል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ይምጣ። መለኪያው አንድ ነው፤ «ነገ እኔው ለቃለ መጠይቅ ብጠራ ይህን እለብሰዋለሁ?» መልሱ «አልለብሰውም» ከሆነ አይምጣ። የጎደለው ቁጥር ሲገኝ ከሰልባጅ ገበያ መርጦ ገዝቶ ማሟላት ይቻላል።

3ኛ. ሙያ። ገንዘብ የሌለው ሙያውን ይስጥ። ልብስ ሰፊው ወንድም በሳምንት አንድ ቀን ያሳጥር፣ ያስፋ፣ ያጥብብ። ላውንደሪ ያለው ያጽዳ። ጫማ ሠሪው ሶል ይቀይር። በመሥሪያ ቤት ሰው የሚቀጥሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ወጣቱን ቁጭ አድርገው ያለማምዱት፤ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ፣ ስለ ራሱ ሳይኩራራና ሳይዋረድ እንዴት እንደሚናገር ያሳዩት።

4ኛ. ምስጢር። መዝገቡ በቁጥር ይሁን፤ ስም በአደባባይ አይነገር፤ ፎቶ ፈጽሞ አይነሣ። የሚመጣውን ሰው «ችግረኛ» ሳይሆን «እንግዳ» እንበለው። መርጦ ይውሰድ እንጂ «ይህ ይበቃሃል» አይባል። ሙስሊም ያልሆነ ጎረቤት ቢመጣም ያው ክብር ይጠብቀው፤ የጎረቤት ሐቅ ይታወቃልና።

5ኛ. ተከታይነት። ሥራ ያገኘው ሰው እስከ መጀመሪያው ደመወዝ የሚለብሰው ቅያሪና የታክሲ ሒሳብ እንዳለው እንጠይቅ። ብዙዎች ሥራ አግኝተው የሚቸገሩት በዚህች የመጀመሪያ ወር ነው።

የዘካት ገንዘብ ለዚህ ስለሚውልበት ሁኔታ ዓሊሞቻችንን መጠየቅ ይገባል። ሰደቃ ግን በሩ ክፍት ነው።

ወላጆችም ልብ ይበሉ። ልጆቻችን ከቁም ሣጥናቸው ጥሩውን መርጠው፣ በእጃቸው አጥበውና ተኩሰው እንዲሰጡ ብናደርግ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይህ ይቀርጻቸዋል።

ያቺ ልጅ የት ደረሰች?

አንባብያን ይህን መጠየቃችሁ አይቀርም። ያቺ የሐሙስ ሥራ ለሌላ ሰው ሆነች። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ይህን እናምናለን። ነገር ግን በዚህ አምነን ከኃላፊነታችን ማምለጥ አንችልም።

ከ8 ወር በኋላ እንደገና ተጠራች። በዚህ ጊዜ «አላህ ያሳካልሽ» ከማለታችን በፊት «ነይ እስቲ እንለካ» አልናት። ያ ቀሚስና ኮት ትንሽ ብቻ አጥሮ ልኳ ሆነ። ሻርፕ ከአንዷ፣ ጫማ ከሌላዋ ተገኘ። ከመስታወቱ ፊት ቆማ ለረጅም ጊዜ ራሷን ተመለከተች። አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እናቷ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ሥራውን አገኘች፤ አልሐምዱ ሊላህ።

በሦስተኛ ወር ደመወዟ አንድ ቀን ጥቅልል ይዛ መጣች። የሰጠናትን ልብስ ልትመልስ መስሎን ተቆጣናት። ፈታ ስታሳየን ከገበያ የተገዛ አዲስ ረጅም ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ነው። «ይህ ለሚቀጥለዋ ነው» አለችን።

መጥረቢያ የተሰጠው ያ አንሷር በላቡ ልብስ እንደገዛ አስታወስን። ከእኛ ቁም ሣጥን የወጣው አንድ ኮት ተመልሶ ሌላ ሰው ሊያለብስ መጣ። ታዲያ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ገጽ ካጠፍክ በኋላ፣ ይህን መጽሔት ካስቀመጥሽ በኋላ፣ ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱና ተመልከቱ። እዚያ ውስጥ የተሰቀለው ልብስ የማን መጥረቢያ ይሆን? በ10 ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ በር ደርሶ የሚመለስ ልጅ አለና።

ወላሁ አዕለም። አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያስተካክልልን፤ ሥራ ፈላጊ ልጆቻችንንም ሐላል ሪዝቅ ይወፍቃቸው። ኣሚን።